ሳናርፍ እንረፍ

ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል። አቦሉ እስኪወርድ ጊዜ ያላችሁ አንብቡት፤ የቸኮላችሁ ለቶናው አቆዩት።

በቋንቋችን ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። «እገሌ አረፈ» ሲባል «የት ሄዶ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። «ቀብሩ መቼ ነው?» ነው የምንለው። «ዜና ዕረፍት» የሚል ርዕስ ስናይ፣ ከሥሩ የማን ፎቶ ይሆን ብለን ነው ልባችን የሚመታው። ዕረፍት የሚለውን ቆንጆ ቃል ጠቅልለን ለሞት ሰጥተነዋል። በሕይወት ያለ ሰው «ትንሽ ላርፍ ነው» ካለ ደግሞ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ይባላል።

ነገሩን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሞኑን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ እየጠጣን «እኔና ባለቤቴ አንድ ደሴት ላይ ሄደን ጥቂት ቀን ለማረፍ እያቀድን ነው» አልኳቸው። ሳቁብኝ። አንዱ «ማልዲቭስ ነው ሲሸልስ?» አለኝ። ይሄ ቀልድ ነው፣ ያልፋል። ሌላው ግን ከልቡ ነው የተናገረው፦ «ዋግ ላይ ሰው በሴፍቲኔት እየኖረ፣ አንተ ደሴት ትላለህ?»

ይሄ ጥያቄ መልስ ይገባዋል። እዚያው መለስኩለት፤ ግን ብዙዎቻችሁ ውስጥም ያለ ጥያቄ ስለመሰለኝ እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝና መጀመሪያ ደሴቱን ላስተዋውቃችሁ። ማስታወቂያ ላይ «ፀጥ ያለ የትሮፒካል ደሴት» ሲባል ነጭ አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፍና ሰማያዊ ባሕር ነው የሚታየን። ትሮፒካል ማለት ግን ክፍል ውስጥ እንደተማርነው ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ተኩል ያለው የምድር ክፍል። ኢትዮጵያ ከ3 እስከ 15 ዲግሪ ሰሜን ውስጥ ነች። ሰቆጣም ጣናም 12ኛው ዲግሪ አካባቢ ናቸው። ስለዚህ የጣና ደሴቶች በትርጉም ደረጃ ትሮፒካል ደሴቶች ናቸው። አየሩ የማያቃጥለው ሐይቁ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተኛ ነው። ከፍታው እንደውም ጉርሻ ነው፤ ሲሸልስ ላይ ጋቢ ለብሰህ ፀሐይ ስትጠልቅ ማየት አትችልም።

ሲሸልስ ካልን አይቀር፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩን አጣርቻለሁ። ከአዲስ አበባ አውሮፕላናችን በቀጥታ ይበራል። አገሪቱም ለመግባት ቪዛ አትጠይቅም። ግን የመመለሻ ቲኬት፣ የተያዘ ማረፊያና ለቆይታህ የሚበቃ ገንዘብ አሳይ ትላለች። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ስልኬን ዘጋሁ። ሲሸልስ ይቆየን።

ጣና 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉት ይነገራል። ትልቁ ደቅ ነው። ገበሬው ያርሳል፣ ዓሣ አስጋሪው መረቡን ይጥላል፣ በምዕራብ በኩል እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ከደቅ አጠገብ ዳጋ እስጢፋኖስ አለ፤ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም ያረፈበት። ይሄውላችሁ፣ «ያረፈበት» አልኩ። እዚያም ቢሆን ያረፉት ነገሥታቱ ናቸው፣ ያውም ከሞቱ በኋላ።

ቀልዱን ትተን፣ ደሴት ላይ ሄዶ ፀጥታ መፈለግ ከፈረንጅ የተዋስነው ነገር አይደለም። ከ700 ዓመት በፊት ጀምሮ መነኮሳት ታንኳ ቀዝፈው ጣና ውስጥ የገቡት ለምንድን ነው? ከገበያው፣ ከጦሩ፣ ከሙግቱ ለመራቅ። ሱባኤ የምንለው ነገር ምንድን ነው? ቀን ተቆርጦለት፣ ስንቅ ተይዞለት፣ ከሰው ተለይቶ የሚገባበት ጊዜ ነው። ሱባኤ ለጸሎት ነው፣ ከሽርሽር ጋር አላምታታውም። ግን «ለተወሰነ ቀን ከሥራ ተለይቶ ፀጥ ማለት» የሚለውን ሐሳብ አባቶቻችን ያውቁት ነበር ለማለት ነው። ገበሬው አባቴም ያውቀው ነበር። ሰንበትን አያርስም። የሚያከብረው በዓል ሲደርስ ሞፈሩን አያነሳም። ደሞዝተኛው ልጁ ግን እሑድ ፈተና ያርማል።

ጸበልንም አስቡት። እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ ከቤት ሥራ ተለይታ የከረመችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጸበል ነው። አንዱ ለወገቧ፣ አንዱ ለራስ ምታቷ። ከሁለተኛው ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር። «ጸበሉ አሻለሽ?» አልኳት። «ጸበሉም አሻለኝ፤ ደግሞ ሰባት ቀን እንጀራ አልጋገርኩም» አለችኝ። እኔ ጸበሉን አልጠራጠርም። ሁለተኛዋን ዐረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይዣታለሁ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ እንድታርፍ መጀመሪያ መታመም አለባት።

ሌላ ታሪክ ልጨምር። ካስተማርኳቸው ልጆች አንዷ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ልብስ ከማሰጣበት በረንዳ ባሕሩ ይታየኛል። ሁለት ዓመቴ ነው። እግሬን ነክሬበት አላውቅም።» ብዙ ሰው ለሽርሽር ገንዘብ ከፍሎ የሚሄድበት ባሕር ደጇ ላይ ነው። የሌላት ባሕሩ አይደለም፤ ቀኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዓለም ሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት የቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ማረፍ አለባት ይላል። ወረቀቱ አለ። ቀኑ ግን እሷ ዘንድ አልደረሰም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ዕረፍት ሳስብ መጀመሪያ የማስበው ቦታውን ሳይሆን ጊዜውን ነው። ጊዜውን የተነጠቀ ሰው ገነት ውስጥ ቢያስቀምጡትም ልብስ ያሰጣል።

አሁን ወደ ባልደረባዬ ጥያቄ ልመለስ። ሰው እየተቸገረ ስለ ዕረፍት ማውራት ነውር ነው ወይ?

ችግሩን አልክድም፣ ልክድም አልችልም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ምን እንዳደረገን የሰቆጣ ሰው አይነገረውም። ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆች ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው ተምረዋል። በ2016 ዓ.ም. ድርቁ ምን እንደነበር አይተናል፤ ምሳውን ሳይበላ ከሰዓት ክፍል የሚገባ ልጅ ዓይኑ ያስታውቃል። ይሄን ሁሉ እያየሁ ነው ደሴት የምለው።

ለምን? ምክንያቱም ችግር ያለበት ሰው ዕረፍት አያስፈልገውም የሚል ሕግ የትም የለም። ሕጉ እንደውም ተቃራኒውን ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ አንቀጽ 24 ማንኛውም ሰው የማረፍና የመዝናናት፣ ደሞዝ እየተከፈለውም ፈቃድ የመውጣት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ያንን መግለጫ ደግፈው ድምፅ ከሰጡት አገሮች አንዷ ነች። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች የዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና በየጊዜው ከክፍያ ጋር ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። በግል ድርጅት የምትሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ ለየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። «ፈቃድ ጠይቄ አላውቅም» እያላችሁ በኩራት የምትነግሩኝ አላችሁ። ይሄ ጉብዝና አይደለም፣ ልጆቼ። ደሞዛችሁን ሳትቀበሉ እንደመቅረት ነው።

የሕግ አውጪዎቹ ሐሳብ «ሀብታም ይረፍ» አልነበረም። የሀብታም ዕረፍት ሕግ አያስፈልገውም፤ ሲደክመው ያርፋል። አንቀጽ የተጻፈው ለደከመውና መጠየቅ ለሚያፍረው ሰው ነው። ሠርቶ አዳሪ ነኝ የሚል ሰው «ሠርቶ» የምትለውን ብቻ ይዞ «አዳሪ» የምትለውን ከረሳ፣ ማደሩ ምኑ ላይ ነው?

ሌላም አለ። ክፍል ውስጥ «ቱሪስት ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ በየዓመቱ ከኋላ አንድ ልጅ «ፈረንጅ!» ይላል። ክፍሉ በሙሉ በመስማማት ይስቃል። ላሊበላ ቅርባችን ነውና ልጁ ያየውን ነው የተናገረው። እኛ አስጎብኚ፣ ጀልባ ቀዛፊ፣ አልጋ አንጣፊ፤ እነሱ አራፊ። ከዚያ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፣ በ2013 ጦርነቱ ተከተለ፤ ፈረንጁ ቀረ። የላሊበላም የባሕር ዳርም ባለ ጀልባና አስጎብኚ ባዶ እጁን ቀረ። የአገሩ ሰው ዓመት ጠብቆ፣ አቅሙን አይቶ የሚመጣ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ባልደረቀ ነበር። የእኔ አነስተኛ ብር ደቅ ላይ ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የእሱ ደሞዝ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬ «ድሃው» ሲል፣ ጀልባ ቀዛፊውንም አብሮ ይቁጠረው።

በሉ አሁን ዕቅዱን ላካፍላችሁ፤ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም አላችሁ።

መጀመሪያ ወቅቱ። የመምህር ትልቁ ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ግን የስም ዕረፍት ነው። ዲፕሎማ ያለን መምህራን ዲግሪ ለመያዝ የክረምት ትምህርት እንገባለን፤ ያልገባው አረም ያርማል፣ ቤት ይከድናል፣ ሥልጠና ይጠራል። በዚያ ላይ ዝናቡ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ደግሞ ሻደይ ነው። ሻደይን ጥሎ የሚሄድ የዋግ ሰው እኔ አይደለሁም፤ ልጄም ዘንድሮ አሸንክታብ ይገዛልኝ ብላለች። ስለዚህ የመረጥነው ጥር መጨረሻን ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ፈተና አልቋል፣ ጥምቀት አልፏል፣ ዝናብ የለም፣ ዐቢይ ጾምም ገና ስላልገባ ዓሣው ያለ ክርክር ይበላል።

መንገዱ። ከሰቆጣ በብልባላና በላሊበላ አድርጎ ጋሸና ላይ ዋናውን መንገድ ይይዛል፤ ንፋስ መውጫንና ደብረ ታቦርን አልፎ ወረታ ላይ ከጎንደር ከሚመጣው ጋር ይገናኛል። ከዚያ ባሕር ዳር ቅርብ ነው። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ለማደር አስበናል። ዕረፍት ሄጄ ወገቤን ይዤ መመለስ አልፈልግም።

ማረፊያው ባሕር ዳር ቀለል ያለ ፔንሲዮን ነው። ከዚያ በቀን በቀን ውሃው ላይ እንወጣለን። አንዱ ቀን ለደብረ ማርያም፤ አባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ያለች ቅርብ ደሴት ነች፣ ለልጅም አትከብድም። አንዱ ቀን ለዘጌ፤ ባሕረ ገብ መሬት ነው እንጂ ደሴት አይደለም፣ ግን ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥር የሚበቅለውን ቡና እያዩ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግር መውጣት አለ። አንዱ ቀን ለደቅና ለናርጋ ሥላሴ። ቤተሰብ ይዛችሁ የምትሄዱ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ባለቤቴን ጀልባ ላይ አስቀምጬ እኔ ብቻ የማየው ቦታ ዕቅዴ ውስጥ የለም።

አንዱ ቀን ደግሞ ለምንም። ይሄ የዕቅዱ ዋና ቀን ነው። ሐይቁ ዳር ወንበር ላይ መቀመጥ፣ ታንኳ ሲያልፍ ማየት፣ ልጅ ስትጠይቅ መመለስ። ስልክ ጠፍቶ ይውላል። ወዳጄ፣ እኛ ሽርሽር ስንሄድ እንኳ ሥራ እናደርገዋለን፤ ሦስት ከተማ በሁለት ቀን፣ አራት መቶ ፎቶ፣ አሥራ ሁለት ዘመድ ጥየቃ። ባሕር ዳር ያላችሁ ዘመዶቼ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ በዚያች ቀን አልደውልም።

ጥቂት የመምህር ምክር፦ ጀልባ በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሳል፣ ማዕበሉም ያስፈራል። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ሳይኖር አትሳፈሩ። ጀልባ የሚከራየው ብዙ ጊዜ በሰው ቁጥር ሳይሆን በጉዞ ነው፤ ስምንት ሆናችሁ ስትካፈሉት ዋጋው ሌላ ይሆናል። ወባ አለ፤ አጎበርና ረጅም እጅጌ ያዙ። ሐይቁ ዳር ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ልጅ ውሃው ውስጥ እንዳይንቦጫረቅ። እምቦጩን ስታዩ ደግሞ «ሐይቁ አምሮበታል» እንዳትሉ፤ ያ አረንጓዴ ምንጣፍ ሐይቁን የሚያንቀው አረም ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መዝገቡ ብቻውን ግን አረም አይነቅልም። ያመጣችሁትን ፕላስቲክ ይዛችሁ ተመለሱ።

ገንዘቡ። በወር 500 ብር ለአሥር ወር ማስቀመጥ፣ 5,000 ብር ነው። ለአንድ ቤተሰብ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም ከጉሊቷ የምትጨምረው አለ። ብድር ግን አይነካም። ፍየልም አይሸጥም። በዕዳ የመጣ ዕረፍት ሲመለሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና ቁጠባ የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ዕቁብና ዕድር የፈጠረ ሰው ለዕረፍት መቆጠብ አያቅተውም። ለሞቱ ዕድር ከፍሎ ያዘጋጃል እኮ። ለሕይወቱ በወር 500 ብር ቢከፍል ምንድን ነው?

የማይሞላለት ደግሞ ቅርብ ይፈልግ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከኋላው የተኛው ሐይቅ ወደ እኛ ዞን ይዘልቃል። ከአበርገሌና ከዝቋላ የሚመጡ ተማሪዎቼ ስለ ዓሣው ሲያወሩ ምራቅ ያስውጣሉ። እኛ ግን ተከዜን በመብራትና በዓሣ ገበያ ነው የምናውቀው። ዳሩ ላይ አንድ ዳስና አንድ ጀበና ያለበት፣ ቤተሰብ ውሎ የሚመለስበት ቦታ ቢኖር የማንም ሰው ዕረፍት ከአንድ ቀን መንገድ አይርቅም ነበር። ወጣቶች፣ ይሄ የሥራ ሐሳብ ነው፤ በነፃ ሰጥቻችኋለሁ።

የመጨረሻው የከበደው ነው። ይሄ ሁሉ ዕቅድ የተንጠለጠለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ዛሬ ክልላችን ውስጥ ማንም ሰው ሻንጣ ከማዘጋጀቱ በፊት የሚጠይቀው ይሄንን ነው። ለታማሚም፣ ለተማሪም፣ ለሙሽራም ያው ነው። ስለዚህ ትክክለኛውን ቀን ገና አልቆረጥኩም። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ልጄን ይዤ አልወጣም። ግን ዕቅዱን አልቀድም፣ ብሩንም አላወጣም። አንዳንድ ሰው «ሰላም ሲመጣ ያን ጊዜ እናስባለን» ይላል። እኔ ደግሞ ሰላም ለምን እንደሚያስፈልገኝ በዝርዝር ማወቅ እፈልጋለሁ። «ሰላም ይስጠን» ስል ዓይኔ ላይ የሚመጣ ነገር ያስፈልገኛል፤ ጠዋት፣ ፀጥ ያለ ውሃ፣ ባለቤቴ ጋቢ ደርባ፣ ልጄ ጉማሬ ፍለጋ አንገቷን አስግጋ። ሰው የሚናፍቀውን ካላወቀ፣ የተነጠቀውንም አያውቅም።

ባልደረባዬ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ሻዩን ጨረሰና «እሺ፣ ጀልባው ስንት ሰው ይይዛል?» አለኝ። ስሙን ጽፌዋለሁ። ሌላም የሚጨመር ካለ ይጻፍልኝ። የቤሩቷ ልጄም ይሄን ካነበብሽ፣ ወንበርሽ የተያዘ ነው፤ ገንዘብ አይጠየቅም፣ በደህና ግቢ ብቻ።

ለሁላችሁም አንድ አደራ አለኝ። ጥር መጨረሻ ላይ «ቲቸር አረፈ» የሚል ወሬ ብትሰሙ ድንኳን እንዳትጥሉ። ደውሉና «ዓሣው እንዴት ነው?» በሉኝ። ስልኬ ከጠፋም አትደንግጡ፤ የምንም ቀኔ ላይ ደርሻለሁ ማለት ነው።